ከሳሎን የወጣ ጭጋግ፦ «ሳይለንት ሂል ኤፍ» በአንድ የቆየ ወዳጅ ዓይን

አስፈሪ ጌሞች አብዛኛውን ጊዜ ታሪካቸውን የሚጀምሩት ባለታሪኩን ከቤቱ አርቀው ነው። በመጀመሪያው «ሳይለንት ሂል» ሃሪ ሜሰን ትንሿን ልጁን ይዞ ለዕረፍት ሲጓዝ አደጋ ይደርስበትና በማያውቀው ከተማ ጭጋግ ውስጥ ልጁን ፍለጋ ይባዝናል። በሁለተኛው ጄምስ ሰንደርላንድ ከሞተች ሚስቱ ደብዳቤ ደርሶት፣ መኪናውን ከከተማዋ ዳር አቁሞ ቁልቁል በእግሩ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 25 ቀን 2025 ለፕሌይስቴሽን 5፣ ለኤክስቦክስ ሲሪዝ እና ለኮምፒዩተር የወጣው «ሳይለንት ሂል ኤፍ» ግን የሚከፈተው በቤተሰብ ጠብ ነው። የሚጮህ አባት አለ፤ ባሏን እንዳታስቆጣ ቃሏን የምትመጥን እናት አለች፤ ይህን መሸከም አቅቷት ደጃፉን ተሻግራ ወደ ጓደኞቿ የምትሄድ ሂናኮ ሺሚዙ የምትባል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም አለች። በዚህ ሰዓት ጭጋግ አልወረደም፣ ጭራቅም አልታየም። ሆኖም በዚያች አጭር ትዕይንት ደረቴ ላይ የተጫነው ነገር በኋላ ከመጡት ጭራቆች ከአብዛኞቹ ይከብድ ነበር። ጌሙን ሁለት ጊዜ ተጫውቼ ከጨረስኩ በኋላም ያመንኩት ይህንኑ ነው፤ በዚህ ጌም ፍርሃት ከውጭ ወደ ቤት አይገባም፣ ከቤት ወጥቶ መንደሩን ያዳርሳል። የወደድኩለትም ያዘንኩበትም ነገር የሚለካው ለዚህ ሐሳብ በታመነበትና ከዚህ ሐሳብ በራቀበት መጠን ነው።

ከዚህ ተከታታይ ጋር የተዋወቅሁት በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ዘመን፣ አዲስ አበባ ውስጥ በሰዓት እየተከፈለ በሚጫወትበት አንድ ጌም ቤት ነው። ሌላው ሰው ሁሉ ኳስ ሲመርጥ እኔ ጥግ ላይ ካለችው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ ያንን ጭጋጋም ከተማ እገባ ነበር። ጨዋታውን ሴቭ የማደርግበት ሜሞሪ ካርድ ስላልነበረኝ ለወራት የተጫወትኩት ያንኑ የመጀመሪያ ሰዓት ነው፤ መንገዱን፣ የሬዲዮውን ሽርርታ፣ የመጀመሪያውን ጭራቅ የክንፍ ድምፅ በቃሌ እስክይዝ ድረስ። ዛሬም አንድን አስፈሪ ጌም የምመዝነው ከዚያ በወረስኩት መመዘኛ ነው፤ ተደግሞ ሲታይ ይጠልቃል ወይስ ይሳሳል?

የተከታታዩን ጉዞ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልናገር። የጃፓኑ ኮናሚ ኩባንያ ውስጥ ቲም ሳይለንት በሚል ስም የሚታወቀው ቡድን እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2004 አራት ጌሞችን ሠራ። ቡድኑ ከተበተነ በኋላ ሥራው ለውጭ አገር ስቱዲዮዎች እየተሰጠ እስከ 2012 ዘለቀ፤ ከእነዚህ ውስጥ ጥሩ ሐሳብ ያላቸው ባይጠፉም እንደ ቀደሙት አጥንት ድረስ የሚዘልቅ አልተገኘባቸውም። በ2014 ፒ.ቲ. የሚባለው አጭር ማሳያ አንዲት ጠባብ ኮሪደር ብቻ ይዞ ዓለምን አስደነገጠ፣ በዓመቱ ግን ማሳያው የቀረበለት አዲስ ጌም ተሰረዘ። ለወዳጆቹ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የዝምታ ዘመን ነበር። በኦክቶበር 2022 ኮናሚ በርካታ አዳዲስ ሥራዎችን በአንድ ጊዜ ሲያስታውቅ ነው ዝምታው የተሰበረው፤ በ2024 የፖላንዱ ብሉበር ቲም ሁለተኛውን ጌም እንደገና ሠርቶ አወጣ፣ በዓመቱ ደግሞ የታይዋኑ ኒዮባርድስ «ኤፍ»ን አስከተለ። የብሉበር ቲም ሥራ በትዝታ የተገነባ ስለሆነ የሚፈተነው በታማኝነቱ ነበር። «ኤፍ» ግን ከትዝታ ውጭ በራሱ እግር መቆም ነበረበት።

የቆዩ ወዳጆችን የከፈለው ክርክርም እዚህ ላይ ይጀምራል። «ሳይለንት ሂል» አሜሪካ ውስጥ ያለች የልብ ወለድ ከተማ ስም ነው፤ «ኤፍ» ደግሞ የሚካሄደው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጃፓን፣ ኤቢሱጋኦካ በምትባል የተራራ ሥር መንደር ነው። ከተማዋ ከሌለች ስሙ ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፣ በቁጣም በቅንነትም ሲጠየቅ ሰምቻለሁ። የእኔ መልስ ግን ከተማዋ ከመጀመሪያውም ዋናው ነገር አልነበረችም የሚል ነው። ዝነኛው ጭጋግ እንኳ የተወለደው ከችግር ነው፤ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ሰፊ መንገድንና የሩቅ ሕንፃን አንድ ላይ የመሳል አቅም ስላልነበረው ሠሪዎቹ የማይታየውን ሁሉ በጉም ሸፈኑት፣ ጉሙም የታሪኩ ነፍስ ሆነ። ከዚያ ጀምሮ የተከታታዩ ሕግ አንድ ነው፤ ሰው በውስጡ የሸሸገው ነገር ሥጋ ለብሶ በጎዳና ይጠብቀዋል። የጄምስ ጥፋት ጭራቅ ከሆነ የሂናኮ ጭንቀት ጭራቅ የማይሆንበት ምክንያት የለም። ሠሪዎቹም ቢሆኑ ክሩን ፈጽመው አልበጠሱትም። ሂናኮ ለራስ ምታቷ የምትውጠው ቀይ እንክብል የሚቀመምበት ተክል በቀደሙት ጌሞች ነጭ ክላውዲያ በሚል ስም የምናውቀው፣ የሌለ ነገር የሚያሳይ ተክል ነው። ይህን ያስተዋለ የቆየ ተጫዋች የሚያየውን ነገር ሁሉ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በጥርጣሬ ያየዋል።

መንደሯ ራሷ ድንቅ ሥራ ናት። በጊፉ ግዛት፣ በጌሮ ከተማ ሥር ያለችው የካናያማ ሠፈር ለሠሪዎቹ መነሻ ሆናቸዋለች፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፈው የግድግዳና ግድግዳ መሃል መንገድ፣ ከቤት ሥር የሚፈስሰው ቦይ፣ ደረጃ በደረጃ የሚወጣው ዳገት የመጡት ከዚያ ነው። የአሜሪካዋ ከተማ የምታስፈራው በስፋቷና በባዶነቷ ነበር፤ ኤቢሱጋኦካ የምታስፈራው በጥበቷ ነው። ጎረቤት የጎረቤቱን ሳል በሚሰማበት፣ የአንዷ ልጅ ወሬ እስከ ማታ የመንደሩ ሁሉ ወሬ በሚሆንበት ቦታ መሸሸጊያ የለም። እንዲህ ያለ መንደር ውስጥ ያደገ ወይም እናቱ ያደገችበትን ሲያወሩለት የሰማ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

አበባዎቹን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በመንደሩ ላይ የሚሰራጨው መቅሠፍት ቀይ አበባ ሆኖ ይመጣል፤ በግድግዳ ላይ ይስባል፣ በሰው ገላ ላይ ያብባል፣ የመጀመሪያዋን የሂናኮን ጓደኛ ሳኩኮንም የወሰዳት እሱ ነው። ዋናው አበባ ጃፓኖች ሂጋንባና የሚሉት ነው። በመኸር፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን የሚፈካ፣ ሥሩ መርዝ ያለበት፣ በመቃብር ዙሪያና በሩዝ ማሳ ዳር የሚታይ ስለሆነ ከሙታን ጋር ተያይዞ ይታሰባል። ጌሙ የወጣበት ሳምንት ጃፓኖች ወደ ቤተሰብ መቃብር የሚሄዱበት የኦሂጋን ሳምንት ነበር። ጌሙ የወጣበት ቀን ለእኛ መስከረም 15 ነው፤ አደይ አበባ ሜዳውን ቢጫ አድርጎ ሰው ለደመራ በሚዘጋጅበት ሰሞን እኔ በቴሌቪዥን መስኮት በቀይ አበባ የሚታፈን መንደር እያየሁ ነበር። በአንድ ወር፣ በሁለት አገር፣ አበባ አንዱ ዘንድ ተስፋ ሌላው ዘንድ መርዶ መሆኑ ሌሊቱን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። የታሪኩ ጸሐፊ ሪዩኪሺ ዜሮ ሰባት በገጠር መንደር ምሥጢር ላይ በተመሠረቱ ሥራዎቻቸው የታወቁ ናቸው፤ የሥራው መሪ ሐሳብም በአስፈሪው ነገር ውስጥ ውበትን መፈለግ እንደሆነ ተነግሯል። አበባው ይህን ሐሳብ ያለ አንዳች ቃል ይፈጽመዋል፣ ምክንያቱም ዓይን ከሚጸየፈው ይልቅ ከወደደው ነገር ለመላቀቅ ይቸገራል።

ከዚህ በታች የታሪኩን ውስጥ ስለምነካ ገና ያልተጫወተ ሰው ቢያቆም አይጸጸትም።

ሂናኮ በሁለት ዓለም መካከል ትመላለሳለች። አንደኛው ጭጋግ የዋጠው መንደር ነው፤ ሌላው ፋኖስ የሚበራበት የጨለማ ቤተ መቅደስ ሲሆን፣ እዚያ የቀበሮ ጭምብል ያጠለቀ፣ አነጋገሩ ለስላሳ የሆነ ወጣት ይቀበላታል። መንገድ ያሳያታል፣ ከጭራቅ ያድናታል፣ አንድም ጊዜ ድምፁን ከፍ አያደርግባትም። ከዚያም ሥርዓቶች ይመጣሉ። ክንዷን ትሰጣለች፣ ጀርባዋ በጋለ ብረት ምልክት ይደረግበታል፣ በመጨረሻ ፊቷ ተወስዶ ጭምብል ይተካበታል። እነዚህን ትዕይንቶች ለማየት ብርቱ ሆድ ያስፈልጋል፣ እኔም በአንደኛው ላይ ፊቴን አዙሬያለሁ። ነገር ግን ደም ለማሳየት ብቻ የገቡ አይደሉም። እየተጫወትኩ ቀስ በቀስ የገባኝ ነገር የማየው የሠርግ ዝግጅት መሆኑ ነው። ክንዷ፣ ቆዳዋ፣ ፊቷ አንድ በአንድ እየተወሰደ ያለው የሌላ ቤት ሰው እንድትሆን ነው፤ የሚወስዱባት ሁሉ ደግሞ እንኳን ደስ አለሽ በሚል ፊት ነው የሚወስዱባት።

የዘመኑ ምርጫ እዚህ ላይ ነው ጥበቡን የሚያሳየው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1947 ሥራ ላይ የዋለው የጃፓን ሕገ መንግሥት በ24ኛው አንቀጹ ጋብቻ የሚመሠረተው በሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ ብቻ እንደሆነ ደንግጓል። ልማድ ግን ከሕግ ዘግይቶ ነው የሚራመደው፤ በፍቅር የሚጋቡት ሰዎች ቁጥር በአማላጅ ከሚጋቡት የበለጠው ወደ 1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ሂናኮ የቆመችው በዚህ ስንጥቅ ላይ ነው፣ በወረቀት የራሷ በሆነችበት፣ በቤቷ ግን ባልሆነችበት ጊዜ። ታላቅ እህቷ ጁንኮ ተድራ ሄዳለች። እናቷ ምን እንደሆነች በየቀኑ ታያለች። ወደ መጨረሻ ስንቃረብ ደግሞ በእሷ ትዳር የቤተሰቡ ዕዳ እንደሚቃለል እንረዳለን። «ልጃችሁን ለልጃችን» የሚለውን ቃል ለሚያውቅ ኅብረተሰብ ይህ የሩቅ አገር ተረት አይደለም፤ አያቶቻችን ባላቸውን የሠርጋቸው ዕለት እንዳዩት ሲነግሩን የምንስቀው ሳቅ ውስጥ ያለውን ጸጥታ ጌሙ ፈልቅቆ ያወጣዋል። አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ፀሐይ ወጥታ ሳለ ዝናብ ሲዘንብ እኛ «ጅብ ወለደች» እንላለን፤ ጃፓኖች ደግሞ «የቀበሮ ሠርግ ነው» ይላሉ። ከጌሙ መጨረሻዎች አንዱ ይህንኑ የቀበሮ ሠርግ የሚለውን ስም ይዟል፣ ስሙን ሳነብም በልጅነቴ በዚያ ዝናብ ሥር የሮጥኩበት ግቢ ትዝ አለኝ።

የሚያስመሰግነው ሌላው ነገር የሂናኮ ጓደኞች እንደ ማስጌጫ አለመቅረባቸው ነው። ሹ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደ ወንድ ጓደኛው አቻው አድርጎ የሚቆጥራት ልጅ ነው፣ ሪንኮ ሹን ስለምትወድ በሂናኮ ትቀናለች፣ ሳኩኮ ደግሞ ሂናኮን ከሃዲ እያለች የምትጠራበት ምክንያት አላት። ክህደቱ ምን እንደሆነ መጀመሪያ ላይ አይገባንም። ትዳር የሴት ልጆችን ጓደኝነት የሚበትን ነገር ሆኖ የሚታያቸው መሆኑን ስንረዳ ግን ያ ስድብ ቅናትና ሐዘን የተቀላቀለበት ልመና ሆኖ ይሰማል።

ወደ አጨዋወቱ ስመጣ ምስጋናዬ ለሁለት መከፈል ይጀምራል። ጠመንጃ የለም፤ ሂናኮ የምትዋጋው በብረት ቧንቧ፣ በማጭድ፣ በመጥረቢያ፣ በመዶሻ ነው፣ እነዚህም ሲመቱ ይደክማሉ፣ ይሰበራሉ። ጭራቅ መግደል ሽልማት ስለሌለው ብልህ ተጫዋች መንገድ ቀይሮ ያልፋል። ከጤናና ከጉልበት ሌላ የአእምሮ ጽናት መለኪያ አለ፤ ትኩረት ሰብስቦ ብርቱ ምት ለመምታት ከዚያ መክፈል ያስፈልጋል። ከሁሉ የበለጠ የወደድኩት የመንገድ ዳር የጸሎት ቤቶቹን ነው። እዚያ ሴቭ ይደረጋል፣ መባም ይሰጣል። የሚሰጠው ግን በአብዛኛው ተጫዋቹ ለቁስሉና ለድካሙ ያጠራቀመው ምግብና መድኃኒት ነው፤ በምትኩ እምነት ይገኛል፣ በእምነቱም ክታብ ይወጣል ወይም ጉልበት ይጨመራል። ዛሬ የሚያድነኝን ላስቀምጥ ወይስ ለነገ ልሰዋው የሚለው ጥያቄ በየጸሎት ቤቱ ደጃፍ ይጠብቃል። ሂናኮ ራሷን እየቆረሰች በምትሰጥበት ታሪክ ውስጥ ተጫዋቹም ከቦርሳው እየቆረሰ እንዲሰጥ መደረጉ አሳቢ እጅ የሠራው ነው።

ነገር ግን ጌሙ ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ይህን ጥንቃቄ ይተወዋል። ሂናኮ ክንዷን ከሰጠች በኋላ በምትኩ የቀበሮ ክንድ ይበቅልላታል፣ በእሱም የጠላቶቿን ነፍስ እየሳበች እንደ አውሬ ትዋጋለች። በታሪክ በኩል ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ የገባችበት ቤት ኃይል ይሰጣታል፣ ኃይሉ ግን የእሷ አይደለም። በአጨዋወት በኩል ግን ውጤቱ ሌላ ነው። ጭራቅ ሲመጣ መሸሽ የለመደው እጅ አሁን ለመምታት ይቸኩላል፣ በሮች እየተዘጉ ጠላት በየተራ ይለቀቃል፣ በትክክለኛው ቅጽበት ማምለጥና መልሶ መምታት ዋናው ሥራ ይሆናል። ችሎታ በጨመረ ቁጥር ፍርሃት ይቀንሳል፤ ይህ የማንኛውም ሰርቫይቫል ሆረር ጌም፣ ማለትም በጥቂት አቅም ከአስፈሪ ነገር ለመትረፍ የሚታገሉበት ጌም፣ የቆየ ፈተና ነው፣ «ኤፍ»ም በዚህ ፈተና የወደቀበት ቦታ አለ። ውጊያው ለዚህ ዓይነት ጌም ከባድ ነው ከሚሉት ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ የሚያስቸግረኝ ክብደቱ ሳይሆን ብዛቱ ነው። በመንደሩ ጠባብ መንገድ አንዲት ጭራቅ ብቻዋን ስትመጣ፣ መዶሻው ግድግዳ መትቶ ሲመለስ፣ ያ አለመመቸት ራሱ ፍርሃት ነበር። በቤተ መቅደሱ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ፣ ናጊናታ የሚባለውን የማይሰበር፣ ረጅም ዘንግ ያለው የጃፓን ስለት ይዞ፣ ሦስተኛውን ተከታታይ ጠላት ሲገጥሙ የሚቀረው ድካም ነው። የመጨረሻውን ሩብ ክፍል ውጊያ በግማሽ ቢቀንሱት ታሪኩ አንዳች ባልጎደለበት ነበር።

ስለ ሙዚቃው ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ከመጀመሪያው ጌም ጀምሮ የተከታታዩ ድምፅ የሆኑት አኪራ ያማኦካ የመንደሩን፣ ኬንሱኬ ኢናጌ ደግሞ የቤተ መቅደሱን ዜማ ደርሰዋል፣ ዓይን ጨፍኖ እንኳ የትኛው ዓለም ውስጥ እንደሆኑ ይታወቃል። ለአገር ቤት ተጫዋቾች አንድ ምክር ግን አለኝ። የአማርኛ ጽሑፍ የለውምና እንግሊዝኛ ማንበብ ግድ ነው፤ በተለይ በማሳው ላይ ወፍ ለመከልከል የቆሙትን ሰው መሰል ምስሎች የሚመለከተው እንቆቅልሽ የቃላትን ጥቃቅን ልዩነት ስለሚፈልግ የእንቆቅልሹን ክብደት ከውጊያው ለይቶ ዝቅ ማድረግ ነውር አይደለም። ድምፁን በጃፓንኛ መተው ግን ይሻላል፤ የእናትየዋ የአክብሮት አነጋገር ውስጥ ያለው መሰበር በእንግሊዝኛው አይሰማም።

አሁን ወደ ጌም ቤቱ መመዘኛዬ ልመለስ። «ኤፍ» አምስት መጨረሻዎች አሉት፣ በመጀመሪያው ዙር ግን ተጫዋቹ የትኛውንም ነገር ቢያደርግ የሚደርሰው አንዱ ጋ ብቻ ነው። ይህ መጨረሻ ድንገተኛና ጨካኝ ነው፤ ሂናኮ የምናስባት ታዳጊ ብቻ እንዳልሆነች፣ ያየነውም ሁሉ በአንዲት ሙሽራ አእምሮ ውስጥ ያለፈ ሊሆን እንደሚችል ጠቁሞ ይዘጋል። ብዙዎች በዚህ ተቆጥተዋል፣ አሥር ሰዓት በላይ ከተጫወቱ በኋላ መልሱን ለማግኘት እንደገና ጀምር መባል ለማንም አይጥምም። እኔም መጀመሪያ ላይ ከፍቶኝ ነበር። ሁለተኛውን ዙር ስጀምር ግን ያው ሳሎን፣ ያው አባት፣ ያው ጩኸት ተለውጦ ጠበቀኝ። አዳዲስ ትዕይንቶችና ደብዳቤዎች ይጨመራሉ፤ በመጀመሪያው ዙር በሴት ልጅ ፍርሃት በኩል ብቻ ያየነው አባት በሁለተኛው የሚጸጸት፣ ጸጸቱን የሚገልጽበት ቃል የጠፋው ሰው ሆኖ ይታያል። ይህ በደሉን አያጥበውም፣ ጌሙም አያጥብለትም። እናትየዋም ዝም ብላ የተሸከመች ብቻ እንዳልነበረች ፍንጭ እናገኛለን። ቀዩ እንክብል በመጀመሪያው ዙር በጭንቅ ጊዜ የሚነሳ ማገገሚያ ነበር፤ በሁለተኛው መዋጡና አለመዋጡ መጨረሻውን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ይሆናል። በመጀመሪያው ዙር ስንቱን ሳላስብ እንዳዋጥኳት ያኔ ነው የቆጠርኩት። ይህ ዓይነቱ ድግግሞሽ ጊዜ መግደያ ሳይሆን ታሪኩ የሚነገርበት ብቸኛ መንገድ ነው፤ ለራሷ መምረጥ ያልተፈቀደላት ልጅ ታሪክ ለተጫዋቹም በመጀመሪያው ጊዜ ምርጫ ባይሰጠው ትክክል ነው።

ከአምስቱ መጨረሻዎች አንዱ ከ1999 ጀምሮ የዘለቀውን ባህል የሚጠብቅ የጠፈር እንግዶች ቀልድ ነው። በቀደሙት ጌሞች ይህ መጨረሻ ከታሪኩ ጋር የማይገናኝ ፌዝ ነበር፣ ለወዳጆች የተተወ የጓዳ ስጦታ። እዚህ ግን ሂናኮና ሹ በልጅነታቸው አብረው የሚጫወቱት ጨዋታ የጠፈር ጦርነት እንደነበረ አስቀድሞ ተነግሮናል፤ ማንም ሴት ልጅ ነሽ ሳይላት፣ ማንም ለማንም ሳያጫት፣ እኩል ተዋጊ ሆና የሮጠችበት ዘመን። ሌሎች ሲስቁ እኔ ጆይስቲኩን አስቀምጬ ስሞቹ በማያው ላይ እስኪያልፉ ድረስ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።